ከጠላ ጋን እስከ ፋብሪካ፦ ኢንዛይሞችን ሙቀት ስለማስቻል



ስለ ኢንዛይሞችና ስለ ሙቀት ለመጻፍ ያነሣሣን በመጽሐፍ ያነበብነው ነገር ሳይሆን ራሳችን የሠራነው ስሕተት ነው። ስሕተቱን አፍነን ብንተወው ማንም አይጠይቀንም ነበር። ነገር ግን እናንተም ነገ በየተመደባችሁበት ክፍል ከጥቁር ሰሌዳ ፊት መቆማችሁ ስለማይቀር፣ ቢነገር ይሻላል ብለን ተስማማን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለማስተማር ልምምድ ደጀን አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት በተመደብንበት ጊዜ፣ ለ7ኛ ክፍል ስለ ምግብ መፈጨት እንድናስተምር ተሰጠን። በአካባቢው በሚገኝ ነገር መሥራት አለብን ብለን ቤት ካከራዩን እናት ጥቂት የገብስ ብቅል ለመንን፤ ከመድኃኒት ቤት ደግሞ የቁስል አዮዲን ገዛን። ሐሳባችን ቀላል ነበር። ዱቄት በውሃ ቀቅለን ቀጠን ያለ ሙቅ እንሠራለን። በሙቁ ውስጥ ያለው ስታርች አዮዲን ሲነካው ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። የብቅል ውሃ ስንጨምርበት ግን ስታርቹ እየተቆራረጠ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ያ ቀለም መታየቱ ይቀራል። ተማሪዎቹም በዓይናቸው አይተው ይረዳሉ።

እስከዚህ ድረስ ልክ ነበርን። ከዚያ በኋላ ግን «ሙቀት በጨመረ ቁጥር ሥራው ይፈጥናል» ብለን በሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍንና፣ ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ቶሎ ይድረስልን ብለን የብቅሉን ውሃ ምድጃ ላይ ጥደን አንተከተክነው። የፈላውን የብቅል ውሃ ከሙቁ ጋር ቀላቀልን። ጠብታ እያወጣን፣ እያበረድን፣ አዮዲን ጠብ እያደረግን ብናይ፣ ቀለሙ ያው ጥቁር ሰማያዊ ነው። ጥቂት ጠበቅን፤ ያው ነው። ደወል ሊደወል ሲል ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና፣ «መምህር፣ እናቴ እኮ እንኩሮው ሳይበርድ ወደ ጥንስሱ አትጨምርም፤ ብቅሉ ይሞታል ትላለች» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኛም አብረን ሳቅን፤ መልስ ግን አልነበረንም።

ማታ ቤት ገብተን ያከራዩንን እናት፣ «እማማ፣ እንኩሮው በትኩሱ ቢጨመር ምን ይሆናል?» ብለን ጠየቅናቸው። «ምን ይጠየቃል ልጆቼ፤ አይፈላማ!» አሉን። እንግዲህ ልብ በሉ። ቋንቋችን በእሳት ለሚንተከተከውም፣ በብቅል ለሚብላላውም አንድ ቃል ነው ያለው፤ ሁለቱንም «ፈላ» ይላል። እኛ የሳትነው ግን በእሳት የፈላ ብቅል ከዚያ ወዲያ ጠላ እንደማያፈላ ነው። ይህንን የጠላ ጠማቂ ሁሉ ያውቀዋል። እኛ መምህር ነን ብለን የቆምነው አላወቅነውም።

ኢንዛይም ምንድን ነው?

ኢንዛይም ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ በሰውነቱ ውስጥ የሚሠራው የሥራ አፋጣኝ ነው። እሱ ራሱ በሥራው አያልቅም፤ አንዱን ፈጽሞ ወደ ሌላው ይሄዳል። አብዛኞቹ ኢንዛይሞች ፕሮቲን ናቸው። ፕሮቲን ማለት ደግሞ አሚኖ አሲድ የሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች እንደ መቁጠሪያ ተሰክተው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ይህ ሰንሰለት ተዘርግቶ አይቀመጥም። ይጠመዘዛል፣ ይታጠፋል፣ በመጨረሻም ለየት ያለ የራሱ ቅርጽ ይይዛል። በቅርጹ ላይ አንድ ጎድጓዳ ቦታ አለ። የሚቆረጠው ወይም የሚገጣጠመው ነገር እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ልክ እንደ ቁልፍና እንደ ጓጉንቸር ሲገጥም ሥራው ይከናወናል።

በብቅል ውስጥ ያለው ዋነኛው ኢንዛይም አሚሌዝ ይባላል፤ ሥራው ስታርችን መቆራረጥ ነው። ገብሱ ተዘፍዝፎ፣ በቅጠል ተሸፍኖ ሲበቅል ለቡቃያው ምግብ የሚሆነውን ስታርች ወደ ስኳር ለመለወጥ ይህንን ኢንዛይም በብዛት ያዘጋጃል። የጠላና የአረቄ ጠማቂ ገብሱን የምታበቅለው ያንን ኢንዛይም ለመውሰድ ነው። በሣይንስ ታሪክም የመጀመሪያው ተለይቶ የወጣ ኢንዛይም የተገኘው ከዚሁ ከብቅል ነው። አንሴልም ፓየንና ዣን ፍራንስዋ ፔርሶ የተባሉ ሁለት የፈረንሣይ ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1833 ከብቅል ውሃ ውስጥ ስታርችን የሚያሟሟ ነገር በአልኮል አርግተው አወጡና «ዲያስቴዝ» አሉት። እነሱም ቢሆኑ ይህ ነገር ከተፈላ በኋላ ኃይሉን እንደሚያጣ አስተውለው ነበር። የኛን ስሕተት እነሱ ያን ጊዜ ያውቁት ነበር ማለት ነው።

ሙቀት ወዳጅም ጠላትም ነው

በሰሌዳው ላይ የጻፍነው ዓረፍተ ነገር ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም። ግማሽ እውነት ነበር፤ ለዚህም ነው ያሳሳተን። የሙቀቱ መጠን በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ባለ ቁጥር የኢንዛይም ሥራ ፍጥነት በግምት እጥፍ ይሆናል። ይህ ግን የሚሆነው እስከ አንድ ወሰን ድረስ ብቻ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የታጠፈውን ሰንሰለት በቅርጹ ይዘው የሚያቆሙት ማሰሪያዎች አብዛኞቹ ደካሞች ናቸው። አንድ አንዱን ብታዩት ምንም አይደለም፤ ሲተባበሩ ግን ቅርጹን ያቆማሉ፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ማለት ነው። ሙቀት ደግሞ መንቀጥቀጥ ነው። ሙቀቱ ሲጨምር ሰንሰለቱ ይበልጥ ይንቀጠቀጣል። በመጀመሪያ ይህ መንቀጥቀጥ ሥራውን ያፋጥናል፤ ወሰኑን ሲያልፍ ግን ማሰሪያዎቹ ይበጠሱና ሰንሰለቱ ይተረተራል። ጎድጓዳው ቦታ ይጠፋል። የተተረተሩት ሰንሰለቶች እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ይረጋሉ። የእንቁላል ነጩ ሲቀቀል የሚሆነው ይኸው ነው፤ ያን እንቁላል አቀዝቅዞ መልሶ ጥሬ ማድረግ እንደማይቻል ሁሉ፣ የተቀቀለውም የብቅል ውሃ ቢበርድ አይመለስም።

ወሰኑ ለሁሉም ኢንዛይም አንድ አይደለም። በገብስ ብቅል ውስጥ ያሉትን ሁለት ወንድማማች ኢንዛይሞች እንውሰድ። ቤታ አሚሌዝ የሚባለው ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ባለው ሙቀት በደንብ ይሠራል፤ 70ን ካለፈ ቶሎ ይጠፋል። አልፋ አሚሌዝ ግን እስከ 70ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ይችላል። ስለዚህ የቢራ ፋብሪካዎች የብቅሉን ጭማቂ በአንድ ጊዜ አያፈሉትም። መጀመሪያ በ60ዎቹ ዲግሪዎች፣ ቀጥሎ በ72 አካባቢ እያቆዩ ሁለቱንም ኢንዛይሞች በየተራቸው ያሠሯቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። እንኩሮው በትኩሱ ሲጨመር የሚጎዳው የብቅሉ ኢንዛይም ብቻ አይደለም። ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጠው እርሾም ሕይወት ያለው ስለሆነ አብሮ ይሞታል። ስለሆነም የተማሪዋ እናት «ብቅሉ ይሞታል» ያሉት ሁለት ነገሮችን በአንድ ቃል ጠቅልለው ነው።

ደግሞ ሌላ እንቆቅልሽ አለ። ብቅሉ እኮ ከበቀለ በኋላ በጠራራ ፀሐይ ይሰጣል። በብቅል ፋብሪካማ፣ አሰላም ሆነ ሌላ ቦታ፣ በትኩስ አየር ነው የሚደርቀው፤ በመጀመሪያ በ50 ዲግሪ አካባቢ፣ እርጥበቱ ሲያልቅ ደግሞ እስከ 80 ዲግሪና ከዚያም በላይ ከፍ ይደረጋል። ታዲያ ኢንዛይሙ ለምን አይጠፋም? መልሱ ውሃ ነው። ሰንሰለቱ ለመንፈራገጥና ለመተርተር ውሃ ያስፈልገዋል። ደረቅ ኢንዛይም ከእርጥብ ኢንዛይም ይበልጥ ሙቀት ይችላል። ቀስ በቀስ አድርቆ ከዚያ ማሞቅ እንግዲህ ኢንዛይምን ሙቀት የማስቻያ የመጀመሪያው ዘዴ መሆኑ ነው፤ እናቶቻችንም ይህንን ያለ ቴርሞሜትር ሲሠሩበት ኖረዋል።

ፋብሪካ ሙቀት ለምን ይፈልጋል?

ኢንዛይም በሙቀት የሚበላሽ ከሆነ በቀዝቃዛው ለምን አይሠሩበትም የሚል ሊኖር ይችላል። ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው። አንደኛ፣ ከላይ እንዳልነው ሙቀት ሥራውን ያፋጥናል። ሁለተኛ፣ ብዙ ነገሮች በሙቅ ውሃ የበለጠ ይሟሟሉ፤ ወፍራም ፈሳሽም ይቀጥናል። ሦስተኛ፣ በሙቀት ውስጥ አላስፈላጊ ተሐዋስያን አይራቡም፤ ምርቱ አይበላሽም። አራተኛውና ለስታርች ዋነኛው ምክንያት ደግሞ፣ ጥሬ የስታርች ቅንጣት በጣም ጥብቅ ስለሆነ እስኪበስልና እስኪያብጥ ድረስ ኢንዛይም በቀላሉ አይገባበትም። ገንፎ የምትሠራ ሁሉ የምታውቀው ነው።

ከበቆሎ ስታርች ስኳር የሚሠሩ ታላላቅ ፋብሪካዎች የስታርቹን ልውስ በግፊት ውስጥ 105 ዲግሪ አድርሰው ለ5 ደቂቃ ያህል ያቆዩታል፤ ከዚያም በ95 ዲግሪ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ይተዉታል። የገብስ አሚሌዝ እዚህ ውስጥ ቢገባ በቅጽበት ያልቃል። ስለዚህ የሚጠቀሙት ባሲለስ ሊቼኒፎርሚስ ከሚባል ባክቴሪያ የሚገኘውን ሙቀት ቻይ አሚሌዝ ነው።

ስለ ሙቀት ካነሣን የኛን የደጀንን ነገር አንርሳ። ደጀን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ወደ ዓባይ ሸለቆ ቢወረድ የመፍያው ሙቀት ከፍ ይላል። በመጽሐፍ «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» የተባለው በባሕር ጠለል ላይ ላለ ሰው ነው። ስለዚህ 105 ዲግሪ የሚፈልግ ፋብሪካ ደጀን ላይም ሆነ ሌላ ቦታ የግፊት ዕቃ ያስፈልገዋል፤ ክፍት ድስት አይበቃውም።

ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም እንዲሁ ነው። ድሩ በሽመና ጊዜ እንዳይበጠስ በስታርች ይቀባል። ጨርቁ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ያ ስታርች ካልወጣ ቀለም አይገባውም። ስታርቹን ጨርቁን ሳይጎዳ የሚያወጣው አሚሌዝ ነው፤ ሙቀት በቻለ መጠንም ሥራው ፈጣን ይሆናል።

ሙቀት የሚያስችሉት እንዴት ነው?

ዘዴዎቹን በአራት ከፍለን እናያለን።

ሀ) ከሙቅ አገር መፈለግ፦ ገብስ የደጋ ነው፤ ማሽላ የቆላ ነው። የዓባይን በረሃ የሚችል እህል የፈለገ ሰው ከቆላ ዘር ይወስዳል እንጂ የደጋውን ገብስ አያስገድድም። ለኢንዛይምም ነገሩ ያው ነው። በፍል ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ኢንዛይማቸው ሙቀት ካልቻለ መኖር አይችሉም ነበር። ቶማስ ብሮክ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በየሎውስቶን ፍል ውሃዎች ውስጥ በ70 ዲግሪ አካባቢ የሚኖር ባክቴሪያ አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ቴርመስ አኳቲከስ የሚል ስም ተሰጠው። ከዚህ ባክቴሪያ የተገኘው ዲ.ኤን.ኤ. ገልባጭ ኢንዛይም 95 ዲግሪ ደጋግሞ ቢሞቅም ስለሚችል፣ ዛሬ በየሆስፒታሉ ቤተ ሙከራ የበሽታ ተሐዋስያንን ዲ.ኤን.ኤ. አባዝቶ ለመመርመር የሚያገለግለው ዘዴ በዚሁ ኢንዛይም ተቃንቷል። ዘዴውን የፈጠረው ካሪ ሙሊስ እ.ኤ.አ. በ1993 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ለ) ማሰሪያ መጨመር፦ ድንኳን ነፋስ እንዳይጥለው ተጨማሪ ገመድና ካስማ ይደረግለታል። ተመራማሪዎችም የኢንዛይሙን ቅርጽ ካወቁ በኋላ ከሰንሰለቱ አንዳንድ አሚኖ አሲዶችን በሌላ ይለውጣሉ። ለምሳሌ ሲስቲን የሚባሉ ሁለት አሚኖ አሲዶች ፊት ለፊት ቢገጥሙ በድኝ አቶሞቻቸው ተያይዘው ጠንካራ ማሰሪያ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 ብራየን ማቲውስና ባልደረቦቹ በአንድ ሊሶዛይም በሚባል ኢንዛይም ላይ ሦስት እንዲህ ያሉ ማሰሪያዎች አስገብተው የሚተረተርበትን ሙቀት በ23 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርገውታል። ፕሮሊን የተባለ አሚኖ አሲድ በተገቢው ቦታ ማስገባትም ሰንሰለቱ እንዳይወላወል ይረዳል።

ሐ) መምረጥና እንደገና መምረጥ፦ ቅርጹ በደንብ ባይታወቅስ? ያን ጊዜ ገበሬ እንደሚያደርገው ይደረጋል። ገበሬ ከማሳው ምርጡን ዛላ ለዘር ያስቀራል፤ በዓመቱም ከዚያ ውስጥ ደግሞ ምርጡን ይለያል። ተመራማሪዎችም ኢንዛይሙን የሚያዘውን ጂን በብዙ መንገድ በዘፈቀደ ይለዋውጡና በሺህ የሚቆጠሩ ዓይነቶችን ያወጣሉ። ሁሉንም ያሞቋቸዋል። ከሙቀቱ በኋላ መሥራት የቻለውን ብቻ መርጠው እንደገና ይለዋውጡታል። ፍራንሰስ አርኖልድ የተባለችው አሜሪካዊት ኢንጂነር ለዚህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2018 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆናለች። የሚገርመው ግን አሚሌዝ የሚፈልጉ ተመራማሪዎች የሚሠራውን ከማይሠራው የሚለዩበት አንዱ መንገድ በስታርች ላይ አዮዲን አፍስሶ ቀለም የሌለውን ቦታ ማየት ነው። እኛ በ7ኛ ክፍል ያደረግነው ያው ሙከራ!

መ) አካባቢውን ማመቻቸት፦ ኢንዛይሙ ራሱ ሳይለወጥም ሊረዳ ይቻላል። ብዙ አልፋ አሚሌዞች በውስጣቸው ካልሲየም ይይዛሉ፤ ካልሲየሙ ቅርጻቸውን ያጠብቅላቸዋል። ስለዚህ በውሃው ውስጥ ጥቂት ካልሲየም ሲኖር ሙቀት የመቻል ኃይላቸው ይጨምራል። ሌላው መንገድ ኢንዛይሙን ከትናንሽ ጠጣር ቅንጣቶች ጋር ማጣበቅ ነው። ብዙ ቦታ ላይ የተያዘ ሰንሰለት በቀላሉ አይተረተርም፤ ከዚህም በላይ ሥራው ሲያልቅ ኢንዛይሙን አጥልሎ እንደገና መጠቀም ይቻላል።

በአገራችን የተሠራ

ይህ ሁሉ የውጭ አገር ወሬ ነው እንዳትሉ። ፍል ውሃ የሞላባት አገር እያለችን እንዴት ይሆናል! ጋሻው ማሞ፣ ብርሃኑ ጋሼና አማረ ገሠሠ የተባሉ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በወንዶ ገነት ፍል ውሃ ውስጥ አንድ ሙቀት ወዳድ ባሲለስ አግኝተው ደብልዩ ኤን 11 የሚል መለያ ሰጡት፤ ውጤታቸውንም እ.ኤ.አ. በ1999 አሳተሙ። ይህ ባክቴሪያ የሚሠራው አሚሌዝ ይበልጥ የሚሠራው ከ75 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። የኛ ገብስ ቤታ አሚሌዝ በዚህ ሙቀት ይጠፋል። የወንዶ ገነቱ ግን ሥራው የሚጥመው ያን ጊዜ ነው። ደግሞ ያልበሰለ ጥሬ ስታርችን የመፍጨት ችሎታም አለው።

አማረ ገሠሠ ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1998 አልካሊ ከሚወድ ባሲለስ የተገኙ ሁለት ሙቀት ቻይ ዛይላኔዞችን አጣርቶ ጠባያቸውን ገልጿል። ዛይላኔዝ በእንጨት ውስጥ ያለውን ዛይላን የሚቆርጥ ኢንዛይም ሲሆን፣ ለወረቀት የሚሆነው የእንጨት ልውስ ሲነጣ በክሎሪን የሚሠራውን ሥራ ለመቀነስ ይረዳል። ልውሱ ሙቅም አልካሊም ስለሆነ፣ ሁለቱን አንድ ላይ የሚችል ኢንዛይም ያስፈልጋል። በስምጥ ሸለቆ ያሉት የሶዳ ሐይቆቻችን እንዲህ ላሉ ባክቴሪያዎች መኖሪያ ናቸው።

ከቤተ ሙከራ እስከ ፋብሪካ ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው። አንድ ኢንዛይም ሙቀት ስለቻለ ብቻ ፋብሪካ አይገባም። በርካሽ ዋጋ በብዛት መመረት፣ ሳይበላሽ መከማቸት፣ በፋብሪካው ውሃና ኬሚካል ውስጥ መሥራት አለበት። ይህን ሥራ የሚቀጥሉት ደግሞ ዛሬ 7ኛ ክፍል ያሉት ልጆች ናቸው፤ እነሱን የሚያስተምረው ማነው ቢባል እኛው ነን።

ሙቀት መቻል ሁልጊዜ ጥሩ ነው ወይ?

አይደለም። ዳቦን እንውሰድ። ዳቦ ጋጋሪዎች ሊጡ እንዲነሣ ጥቂት አሚሌዝ ይጨምራሉ። ከሻጋታ የሚገኘው አሚሌዝ ዳቦው ምድጃ ሲገባ ቶሎ ስለሚሞት ደህና ነው። ሙቀት ቻዩ የባክቴሪያ አሚሌዝ ቢጨመር ግን ዳቦው ከበሰለ በኋላ እንኳ ስታርቹን መቆራረጡን አይተውም፤ የዳቦው ሆድ እንደ ማስቲካ ይጣበቃል። ስለዚህ ጥያቄው «ምን ያህል ሙቀት ይችላል?» ብቻ ሳይሆን «መቼ እንዲያቆም እንፈልጋለን?» የሚልም ነው።

ሌላም አለ። በጣም ጠንክሮ የታሰረ ኢንዛይም በቀዝቃዛ ጊዜ ይደነዝዛል፤ ለመሥራት ጥቂት መተጣጠፍ ያስፈልገዋልና። በቀዝቃዛ ውሃ ለሚታጠብ ልብስ የሚሆን የዱቄት ሳሙና ኢንዛይምና ለ95 ዲግሪ የሚሆነው አንድ ሊሆኑ አይችሉም። ሁሉም ለየቦታው ነው።

በክፍል ውስጥ እንዴት እናሳይ?

ከዚያች ቀን በኋላ ሙከራውን አስተካክለን ደገምነው። እናንተም እንድትሠሩበት እንደሚከተለው እናቀርባለን።

1ኛ. ሁለት ማንኪያ የተፈጨ ብቅል በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፎ በጨርቅ ማጥለል። ግማሹን ለብቻው አንተክትኮ ማብረድ።

2ኛ. አንድ ማንኪያ ዱቄት በብዙ ውሃ ቀቅሎ ቀጭን ሙቅ መሥራትና እስኪበርድ መተው። ከዚያ በሦስት ብርጭቆዎች እኩል ማካፈል።

3ኛ. ቴርሞሜትር ከሌለ አትጨነቁ። ደጀን ላይ የፈላ ውሃ 92 ዲግሪ ያህል ነው፤ የቧንቧው ውሃ 18 ያህል ቢሆን ሁለቱ እኩል በእኩል ሲቀላቀሉ 55 ዲግሪ ገደማ ይሆናሉ። ይህንን ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ማዘጋጀት።

4ኛ. አንደኛው ብርጭቆ ያልፈላ የብቅል ውሃ ተጨምሮበት በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ፣ ሁለተኛው ያልፈላ የብቅል ውሃ ተጨምሮበት በሳፋው ውስጥ፣ ሦስተኛው ፈልቶ የበረደ የብቅል ውሃ ተጨምሮበት እዚያው ሳፋ ውስጥ ይቀመጣሉ።

5ኛ. በየ3 ደቂቃው ከየብርጭቆው አንድ አንድ ጠብታ በነጭ ሳህን ላይ አድርጎ፣ ሲበርድ አዮዲን ጠብ ማድረግ። ጠብታው ትኩስ ከሆነ ቀለሙ ራሱ ስለሚጠፋ ያሳስታል። አዮዲን የተነካውን ማንም እንዳይቀምስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

እኛ ስናደርገው ሁለተኛው ብርጭቆ ቀድሞ ቀለሙን ተወ፤ አንደኛው ዘገየ፤ ሦስተኛው እስከ መጨረሻው ጥቁር ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። ሁለተኛውና ሦስተኛው አንድ ሳፋ ውስጥ፣ አንድ ሙቀት ላይ ነበሩ፤ ልዩነታቸው የአንዱ ብቅል አስቀድሞ መፍላቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማንም ተማሪ ሊስተው አይችልም።

በመጨረሻም በሰሌዳው ላይ የነበረውን ዓረፍተ ነገር ልጆቹ ፊት አጠፋነውና፣ «ሙቀት የኢንዛይምን ሥራ እስከ ወሰኑ ያፋጥናል፤ ወሰኑን ሲያልፍ ኢንዛይሙን ያጠፋል» ብለን ጻፍን። ያችን ተማሪ አስነሥተን የእናቷን ነገር ለክፍሉ እንደገና እንድትነግር አደረግን። በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም።

መምህራን ለመሆን የምንሠለጥን ሁላችን ተማሪዎቻችን ከቤታቸው ይዘውት የሚመጡትን ዕውቀት ከመናቃችን በፊት እንጠይቅ። ለዛሬው በዚህ ይብቃን።